ቤቱን አትሽጡት፣ አከራዩት፦ ከአራብሳ ለወዳጄ የተጻፈ

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ? ሳልጽፍልህ ሦስት ዓመት አለፈ፤ ዝምታዬን ከመርሳት አትቁጠርብኝ። በመጨረሻ ደብዳቤህ «መንግሥት ከቤት ሥራ እጁን ያውጣ፣ ገበያው ይሠራዋል» ብለኸኝ ነበር። መልሴ ቢዘገይም ይኸው፦ መንግሥት ይሥራ፤ ሠርቶ ግን አይሽጥ፣ ያከራይ።

ሒሳቡን አብረን እናስላው። አንድ የ20/80 ኮንዶሚኒየም፣ ማለትም ገዢው 20 በመቶውን ቀድሞ ከፍሎ 80 በመቶውን ከባንክ የሚበደርበት የመንግሥት ቤት፣ 500,000 ብር ወጣበት እንበል። ዛሬ በዚህ ዋጋ አይገነባም፤ ለስሌት እንዲቀል ነው፣ ዋጋው ሲወጣ ችግሩ ይብሳል። ቅድሚያው 100,000 ነው። ቀሪው 400,000 በ9.5 በመቶ ወለድ በ20 ዓመት ሲከፈል በወር 3,730 ብር ገደማ ይመጣል። ከመስከረም 2018 ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ነው። የሥራ ግብር 700፣ ጡረታ 420 ሲነሣለት 4,880 ይቀራል። ባንኩ ድርሻውን ሲወስድ ለጤፍ፣ ለታክሲና ለልጆች ደብተር የሚተርፈው 1,150 ብር ነው። እንግዲህ ዕጣ የወጣለት ድሃ ቤቱን አከራይቶ እሱ ጭቃ ቤት ይከራያል፤ መሸጥ የተከለከለበት አምስት ዓመት ሲያበቃም ይሸጠዋል። እሱን አልወቅሰውም፤ ሌላ መንገድ አልተተወለትም። ለድሃ ተብሎ የወጣው የሕዝብ ገንዘብ ግን አንዴ ወደ ግል ከገባ አይመለስም፤ በ2005 ተመዝግቦ እስከ ዛሬ የሚቆጥበው ሰው ያችን ቤት አያገኛትም። ዕጣውም ቢሆን የሚታመን አይደለም፤ የ14ኛው ዙር በ2014 ወጥቶ፣ መረጃው ተነካክቶ በመገኘቱ ተሰርዞ እንደገና የወጣ ነው።

ያው ቤት ቢከራይስ? 500,000ውን በ40 ዓመት ስታካፍለው በወር 1,042 ብር ነው። ለጥገና በዓመት የወጪውን 2 በመቶ፣ 10,000 ብር ያዝ፤ በወር 833 ይሆናል። ድምሩ 1,875፣ ከዝቅተኛው ደመወዝ ሲሶ በታች። ወለድ ያልጨመርኩበት ገንዘቡ ከባንክ ስለማይመጣ ነው።

ታዲያ ከየት ይምጣ? ከመሬቱ። አዋጅ 1161/2011 በቋሚነት ለሚነሣ ገበሬ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን የዓመት ገቢ በ15 አባዝቶ ይክፈለው ይላል። ሄክታሩ 20 ኩንታል ጤፍ ቢሰጥ፣ ኩንታሉም 10,000 ብር ቢያወጣ፣ ካሳው 3 ሚሊዮን ብር ነው። ትልቅ ይመስላል፤ ለካሬ ሜትር ሲካፈል ግን 300 ብር። አስፋልትና የውኃ መስመር ከገባ በኋላ ያው ካሬ በሊዝ ጨረታ በሺዎች ይጠራል። ልዩነቱን የፈጠረው በሕዝብ ገንዘብ የተሠራው መንገድ እንጂ የአልሚው ጥረት አይደለም። ጭሰኛው ለባለርስቱ ሲሶ ወይም እርቦ የሚገብርበት ዘመን ነበር፤ ዛሬ ከተማው ከዚህ ልዩነት ሲሶውን ለተነሣው ገበሬ በየዓመቱ ይክፈል እላለሁ። ካሳ በአንድ ጊዜ ሲሰጥ ገንዘቡ ያልቃል፤ ገበሬውም ባረሰው መሬት ላይ ለቆመው ሕንፃ ዘበኛ ሆኖ ይቀራል። የቀረው ሁለት እጅ ለኪራይ ቤት ግንባታ ብቻ ይዋል፤ ከአጠቃላይ በጀት ጋር ከተደባለቀ ለሌላ ጉዳይ ይሄዳል።

የቀበሌ ቤትን እንደምታነሣብኝ አውቃለሁ፤ እውነትህን ነው። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ ከ100 ብር በታች የሚከራዩትን ቀበሌ ተረከበ። ተከራይ በጌታ ፈቃድ ከማደር ዳነ፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ስህተቱ ኪራዩ ለዓመታት ባለበት መቆሙ ነው፤ ከቤቱ የሚሰበሰበው ቆርቆሮ ለመቀየር እንኳ አይበቃም ነበር። ግድግዳው ያዘመመው ቤቱ የሕዝብ ስለሆነ ሳይሆን የጥገና ገንዘብ ስላልነበረው ነው። ኪራዩ ደመወዝ ሲያድግ አብሮ ይደግ፤ የጥገናው ድርሻም ለብሎኩ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ፣ ያለ ተከራዮች ኮሚቴ ፊርማ አይውጣ።

ኮሚቴው ለይስሙላ አይደለም። ባለ አራት ፎቁ ብሎክ ሊፍት የለውም፤ ስለዚህ ምድር ቤቱ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች መያዝ አለበት። ግፊቱ ሲደክም ውኃው ላይኛው ፎቅ አይደርስም፤ ሮቶና ፓምፕ ያስፈልጋል፣ የፓምፑን መብራት ማን ይክፈል የሚለው ጥል ያስነሣል። በአዋጅ 370/1995 የሚቋቋመው የጋራ ሕንፃ ማኅበር የባለቤቶች ነው፤ ባለቤቱ ሌላ ሰፈር ይኖራል፣ ጀሪካን የምትሸከመዋ ተከራይ ድምፅ የላትም።

የኪራይ ቁጥጥሩ አዋጅ 1320/2016 ጥሩ ነው፦ ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ ቅድሚያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ በሚታወጀው መጠን ብቻ። ግን ተከራይ አማራጭ ቤት ከሌለው ከውሉ ውጭ ቢጠየቅም ይከፍላል። አማራጩን ከተማ ራሱ ሊሠራው እንደሚችል የኦስትሪያዋ ቪየና አሳይታለች፦ ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቤት ግብር ገንዘብ በ11 ዓመት ከ60,000 በላይ ቤት ሠርታለች፤ ዛሬም 220,000 ያህል ታከራያለች።

አንተ ግንባታውን ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለህ። 2 በመቶ ለጣሪያ፣ ለቧንቧና ለፓምፕ ይበቃ እንደሆነ አስልተህ ጻፍልኝ፤ 3 ካልከኝ ኪራዩ 2,292 ብር ይገባል፣ ያን ጊዜ ከሲሶው ያልፋልና የከተማው ድጎማ ስንት መሆን እንዳለበት እንነጋገራለን።

እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወንድምህ