የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለሚሠሩት የጭነት መርከብ ሞዴል ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ሞጆ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የሳይንስና የሒሳብ ክበባት አባላት የሆኑ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን በዚህ ዓመት «ጊቤ» የተባለችውን የኢትዮጵያ የጭነት መርከብ በ1፡100 ልኬት፣ ምንም ተዘጋጅቶ የተገዛ አካል ሳይጠቀሙ፣ ከባዶ ይሠራሉ። ሥራው ወራት የሚወስድ፣ መሣሪያና ኬሚካል የሚነካካ፣ ከእናንተም ፈቃድና እገዛ የሚፈልግ ስለሆነ በዝርዝር መጻፍ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የሞጆ ልጆች ኮንቴይነር ሲያዩ ያደጉ ናቸው። ከደረቅ ወደቡ የሚወጣውንና የሚገባውን ከባድ መኪና በየቀኑ ያያሉ፤ ከመካከላችሁም ብዙዎቻችሁ ኑሯችሁ በሹፍርና፣ በትራንዚት ሥራ ወይም በጭነት ማውረድና መጫን ላይ የተመሠረተ ነው። ይሁን እንጂ ያንን ኮንቴይነር ባሕር አሻግሮ ጅቡቲ ያደረሰው መርከብ ምን እንደሚመስልና ያን ያህል ብረት ተሸክሞ ለምን እንደማይሰጥም ልጆቹን ብንጠይቃቸው ጥርት ያለ መልስ አናገኝም። አገራችን በ1956 ዓ.ም የራሷን የንግድ መርከብ ድርጅት ያቋቋመች፣ ከ2005 ዓ.ም ጀምሮም በቻይና የተሠሩ ዘጠኝ መርከቦችን የተረከበች መሆኗን የሚያውቁትም ጥቂቶች ናቸው። «ጊቤ» ከእነዚህ ከዘጠኙ አንዷ ስትሆን፣ የመረጥናትም በጎተራ መሰል ክፍሎቿ ብትን ጭነት፣ በላይዋ ደግሞ ኮንቴይነር የምትጭን፣ የራሷም ክሬኖች ያሏት በመሆኗ ነው።

እውነተኛዋ መርከብ ርዝመቷ 166 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሞዴሏ ከ1 ሜትር ከ60 ሳንቲሜትር በላይ፣ ማለትም ከብዙዎቹ ተማሪዎች ቁመት ጋር የሚቀራረብ ርዝመት ይኖራታል። ትልቅ ያደረግናት ለማሳመር ብለን አይደለም። ርዝመት መቶ ጊዜ ሲያንስ የገጽ ስፋት አሥር ሺህ ጊዜ፣ ይዘት ደግሞ አንድ ሚሊዮን ጊዜ እንደሚያንስ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እናስተምራለን፤ ተማሪው ቀመሩን ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይ ይጽፋል፣ ከዚያም ይረሳዋል። የ«ጊቤ» ጭነት ከነነዳጇና ከነውሃዋ 28,000 ቶን ያህል ነው። ይህን ለአንድ ሚሊዮን ስናካፍለው 28 ኪሎግራም ይመጣል። ስለዚህ ልጆቹ የመርከቧን ውጫዊ አካል፣ ማለትም ቀፎዋን፣ በቅርጽም በባዶ ክብደትም በልኬቱ መሠረት በትክክል ከሠሩ፣ 28 ኪሎ አሸዋ በትናንሽ ከረጢቶች መዝነው ሲጭኑባት መርከቧ እስከ ተሰመረላት የጭነት ወሰን ድረስ ብቻ ወርዳ መንሳፈፍ አለባት። ከዚያ በላይ ከሰጠመች ወይም ተንጋዳ ከቆመች ስሌቱ ወይም ቅርጹ የት ላይ እንደተሳሳተ ተመልሰው ይፈልጋሉ። ውሃው ራሱ የሚያርመው የቤት ሥራ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

የፋብሪካው ዝርዝር ንድፍ በእጃችን ስለሌለ ተማሪዎቹ ከዋና ዋና መጠኖችና ከፎቶግራፎች ተነስተው መስመሮቹን ራሳቸው ይነድፋሉ። ከዚያም የመርከቧን ቁመታዊ መሠረትና አግድም የሚቆሙትን የጎድን አጥንቶች ከኮምፔንሳቶ ይቆርጣሉ። የጭነት መርከብ መካከለኛው ክፍል ሣጥን መሰል ስለሆነ እዚያ አጥንቶቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጭንቁ ያለው ከፊትና ከኋላ ነው። እዚያ ቅርጹ በየጥቂት ሳንቲሜትሩ ስለሚለዋወጥ አጥንቶቹ ይቀራረባሉ፣ በላያቸው የሚለበጠው ቀጭን እንጨትም በሙቅ ውሃ ርሶ ካልተለመጠ ይሰነጠቃል። ከልባጡ በኋላ ስቱኮ መቀባት፣ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ እንደገና መቀባት ይከተላል፤ ይህ አሰልቺ ክፍል ነው፣ ሊታለፍ ግን አይችልም።

መርከቧ በትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተር ትንቀሳቀሳለች። ፍጥነቷን በተመለከተም የምንከተለው ሕግ አለ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳየው የሞዴል ፍጥነት የሚያንሰው በልኬቱ ሳይሆን በልኬቱ ስኩዌር ሩት ነው። በ14 ኖት (ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው) የሚጓዝ መርከብ በሰከንድ 7.2 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ የእኛዋ ግን፣ የመቶ ስኩዌር ሩት አሥር ስለሆነ፣ አሥር ጊዜ ቀንሳ በሰከንድ 72 ሳንቲሜትር ስትሄድ ውሃው ላይ የምታስነሳው ማዕበል የእውነተኛዋን ይመስላል። ዛሬም መርከብ ሠሪዎች ብረት ከመቁረጣቸው በፊት ሞዴል በገንዳ የሚፈትኑት በዚሁ መሠረት ነው።

ስለ ደኅንነት በግልጽ ላሳውቃችሁ የምፈልገው፣ ቀፎዋ ውሃ እንዳታስገባ የምትለበስበት ፋይበር ግላስና ሬዚን ጎጂ ጭስ ያለው መሆኑን ነው። ይህን ሥራ ተማሪ አይነካውም፤ የሙያ መምህሩ ከግቢው ውጭ በኩል፣ አየር በሚናፈስበት ቦታ ይሠራዋል። መጋዝ፣ ሞረድና መፈግፈጊያ ግን ልጆቹ መምህር በተገኘበት ይጠቀማሉ፤ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ መነጽርና ጓንት ትምህርት ቤቱ ያቀርባል። የአስም ሕመም ያለበት ልጅ ካላችሁ እባካችሁ አስቀድማችሁ አሳውቁን፤ በንድፍና በስሌት ቡድኑ ውስጥ እንመድበዋለን እንጂ ከሥራው አናስቀረውም።

ምንም ዓይነት ክፍያ አንጠይቅም። የምንጠይቀው ከቤት የተረፈ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ፣ የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ለክሬኖቹ፣ ወፍራም ካርቶንም ለኮንቴይነሮቹ ነው። ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር በዚህ ልኬት 6 ሳንቲሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ደረቅ ወደብ የምትሠሩ ወላጆች የማዕዘን መያዣዎቹንና የበሩን መቀርቀሪያ መጠን ለክታችሁ ብትልኩልን ትልቅ እገዛ ነው። አናጺ የሆናችሁም መጥታችሁ እንጨት እንዴት እንደሚለመጥ ብታሳዩ ልጆቹ ከእኛ ይልቅ ከእናንተ ይማራሉ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስባለሁ። ለትምህርት ቤት የሚቀርብ የእጅ ሥራ በገንዘብ ወርክሾፕ ተሠርቶ የሚመጣበት ልማድ በዚህ ሥራ ቦታ የለውም። ጠማማም ቢሆን ልጁ ራሱ የቆረጠው አጥንት ይቀመጣል፤ ሰው የቆረጠለት ቀጥ ያለው ይመለሳል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን የፈቃድ ቅጽ ፈርማችሁ እስከ ኅዳር 15 በልጆቻችሁ በኩል እንድትልኩልን፣ ጥያቄ ያላችሁም በቀጣዩ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ እንድትገኙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር