ስለ ኬሞ ስትጽፉ ድካሙንም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ኬሞቴራፒ፣ ስለ ካንሰር መድኃኒቱ፣ የወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። የፀጉሩንም የማስመለሱንም ነገር ጥሩ አድርጋችሁ ጽፋችኋል። ድካሙን ግን በአንድ መስመር አለፋችሁት። እኔ የአንጀት ካንሰር ታካሚ ነኝ። ማስመለሱን የሚታዘዝልኝ ኪኒን ይዞልኛል። ፀጉሬም ሳሳ እንጂ አላለቀም። ከሥራ ያስቀረኝ ድካሙ ነው።

ሐረር፣ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ድካም ለኔ አዲስ አይደለም። በዓል ሲደርስ ሌሊቱን ስሰፋ አድሬ፣ ጠዋት ትንሽ ሸለብ አድርጎኝ ወደ ስፌት መኪናዬ እመለስ ነበር። የኬሞው ግን ሌላ ነው። እንቅልፍ አያወጣውም። ጠግበህ ተኝተህ፣ ደክሞህ ትነሳለህ። የሸሚዝ ቁልፍ እየቆለፍክ መሃል ላይ ታርፋለህ። ደንበኛ ደግሞ መጥቶ «ፊትህ እኮ ደህና ነው፣ ምን ሆንክ?» ይልሃል።

መድኃኒቱን የምወስደው በየሦስት ሳምንቱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ምንም አልረባም። ከዚያ ቀስ እያለ ይለቀኛል። ልክ ሰው ስመስል ቀጣዩ ዙር ይደርሳል። ስለዚህ ሥራዬንም በዚያው ልክ አደላደልኩት። ጨርቅ የምቆርጠው ዙሩ ሊያልቅ ሲል ብቻ ነው፤ የሰው ሱፍ አበላሽቼ በምን ልከፍል? ሱሪ ማሳጠሩንና ዚፕ መቀየሩን ለተለማማጁ ሰጥቻለሁ። (የጣቴ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ጠዋት ቀዝቃዛ መቀስ ስነካ ይነዝረኛል። እሱን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።)

ሐረር ላይ ደክሞኛል ላለ ሰው የሚታዘዘው መድኃኒት የታወቀ ነው። «ትንሽ ቃምበት፣ ይለቅሃል» ይሉኛል። ለክፋት አይደለም። ከሰዓት በኋላ እኛ ሰፈር ያለ ጫት የስፌት መኪና አይዞርም። ግን ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍም ይነሳል። እኔ የምበላውም የምተኛውም በልመና ነው። የምርቃና ጉልበት ብድር ነው፤ ማታ ከነወለዱ ያስከፍላል።

የጠቀመኝን ምክር የሰጠችኝ ነርስ ናት። «ዝም ብለህ አትተኛ፣ ተራመድ» አለችኝ። ለደከመው ሰው ተራመድ ይባላል እንዴ ብዬ ተናድጄ ነበር። አሁን ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ከሸዋ በር ወደ ፈረስ መጋላ ዝግ ብዬ እሄዳለሁ። ሲያቅተኝ አንዱ ሱቅ በር ላይ ቁጭ እላለሁ። የተራመድኩ ቀን ማታው ይሻላል። ቀን ስተኛም ግማሽ ሰዓት አላሳልፍም። ካሳለፍኩ ሌሊቱን ጣራ ሳይ ነው የማድረው።

አንድ ሰሞን ግን ድካሙ ባሰብኝ። ዳገት ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ብድግ ስል ያዞረኛል። ስናገር ደሜን አዩልኝ፤ ደም ማነስ ነበር፣ ታከምኩ። ተራ ስንጠብቅ የማገኛቸው ብዙዎቹ ግን አይናገሩም። ድካሙን ካወሩ በሽታው የተሰራጨ ወይም መድኃኒቱ የሚቋረጥ ይመስላቸዋል። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ችግር፣ ድባቴ፣ የእንቅልፍ እጦት ሁሉም ድካም ያመጣሉ፤ ሁሉም ይታከማሉ። ትኩሳት 38 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ነው።

የቀረኝ የጠያቂ ጉዳይ ነው። ሰው ስለሚወደኝ ይመጣል፤ እግዜር ይስጠው። ግን ብርቱካን ይዞ መጥቶ እስኪመሽ ሲቀመጥ እኔም ጎኔን አላሳርፍም፣ ባለቤቴም ቡና ስታፈላ ትውላለች። አንድ ጎረቤቴ ውሃ የመጣ ቀን ጀሪካኖቻችንን ይሞላና በር ላይ ደርድሮ፣ ከደጅ «አላህ ያሽርህ» ብሎ ይሄዳል። ከእሱ በላይ የጠየቀኝ የለም።

በሚቀጥለው እትማችሁ አንድ የካንሰር ሐኪም አነጋግሩልን። የትኛው ድካም በእረፍትና በእግር ጉዞ እንደሚያዝ፣ የትኛው ወደ ሐኪም እንደሚያስሮጥ ያስረዱን። እኔ የጻፍኩት የአንጀት ታካሚ ነገር ነው፤ ለጡት ወይም ለደም ካንሰር ታካሚ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለ ጠያቂም አንድ አንቀጽ ጨምሩበት።

አንባቢያችሁ፣
ከሐረር፣ ሸዋ በር