የፊልም ክበባችን፦ አንድ ፊልም፣ አንድ ዓመት

ዘንድሮ በየሳምንቱ አዲስ ፊልም ማየቱን ትተን አንድ ፊልም ይዘን ከረምን። የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው «ግሊሚንግ ዘ ኪዩብ» ነው። ሲኒማ ቤት ብዙም አልቀናውም ነበር፤ በኋላ ግን በቪዲዮ ካሴት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የስኬተሮች፣ ማለትም ስኬትቦርድ የሚባለውን ባለ ጎማ ሰሌዳ የሚነዱ ሰዎች ሁሉ ፊልም ሆነ።

ታሪኩ ካሊፎርኒያ፣ ኦሬንጅ ካውንቲ ነው። ክርስቲያን ስሌተር የሚጫወተው ብራያን ቀኑን ሙሉ ስኬትቦርድ ላይ የሚውል ልጅ ነው። ቤተሰቡ በጉዲፈቻ ያሳደጉት ቬትናማዊ ወንድም አለው፣ ቪን የሚባል፣ ጎበዝ ተማሪ። ቪን ወደ ቬትናም ይላካል የሚባለው የሕክምና እርዳታ ሰነድ አልገጥምለት ይልና መጠየቅ ይጀምራል። ይሞታል፤ ራሱን እንዳጠፋም ይነገራል። ብራያን ግን አላመነም።

መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ከትንሽ አውሮፕላን ሆነው ውሃ የሌለው መዋኛ ገንዳ ሲፈልጉ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። «ቲቸር፣ ገንዳ ፍለጋ አውሮፕላን?» ጥያቄው ጥሩ ስለነበር አቆምነውና ስለ ድርቁ አወራን። በ1976 እና 77 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያን ድርቅ ሲመታት ብዙ ገንዳ ባዶውን ቀረ፤ ወጣቶቹም አጥር እየዘለሉ ገብተው ክብ ግድግዳው ላይ መንዳት ለመዱ። ከዚያ ትውልድ አንዱ ስቴሲ ፔራልታ ነው፤ በዚህ ፊልም ላይ የሁለተኛው የቀረጻ ቡድን ዳይሬክተር እሱ ነበር። የስኬትቦርዱ ትዕይንት እውነት እውነት የሚሸተው ያለምክንያት አይደለም።

ልጆቹን በጣም የያዛቸው ግን በተዋናዩ ቦታ የሚነዱት የተተኪዎቹ ነገር ነው። ከባዱን የስኬትቦርድ ትዕይንት የሚሠሩት እንደ ሮድኒ ሙለንና ማይክ ማክጊል ያሉ የዘመኑ ምርጦች ናቸው፤ ሙለን ሜዳ ላይ ቦርዱን በእጅ ሳይነካ የመዝለልን ዘዴ ያመጣ ሰው ነው። ፊት ሲታይ ስሌተር፣ ካሜራው ወደ እግር ሲወርድ ሌላ ሰው። እያቆምን፣ እየመለስን፣ «እዚህ ጋ ተቀየረ!» እየተባለ ስንት ዓርብ አለፈ። ከቪዲዮ ጌም የሚያውቁት ቶኒ ሃውክ ከብራያን ጓደኞች አንዱ ሆኖ የፒዛ መኪና ሲነዳ ሲያዩማ ጩኸቱ ሌላ ነው።

ክርክሩም ከባድ ነበር። «ብራያን ልብ እንዲገዛ ቪን የግድ መሞት አለበት?» ብላ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጠየቀች። ከ1975 እ.ኤ.አ. በኋላ ከቬትናም በስደት መጥተው በኦሬንጅ ካውንቲዋ ዌስትሚኒስተር ከተማ ሊትል ሳይጎን የተባለውን ሰፈር የመሠረቱ ሰዎች በፊልሙ ውስጥ በአብዛኛው በዚያ እርዳታ ስም ከሚካሄደው የመሣሪያ ዝውውር ጋር ተያይዘው መታየታቸውም ብዙዎቹን ከነከናቸው። ሌሎቹ ደግሞ ዋናው ክፉ ሰው ቬትናማዊ አለመሆኑን እያነሱ ተከራከሩ። እኔ ከልጅቷ ጋር ነኝ። ቪን ከብራያን የበለጠ የሚያጓጓ ሰው ሆኖ ሳለ ፊልሙ ቶሎ ነው የሸኘው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከተማሪ ሲመጣ ደግሞ ደስታዬ ወሰን የለውም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የራሳችንን አጭር ፊልም ቀረጽን፤ ስለጠፋ የስም መጥሪያ ደብተር። ቦርዱን ያመጣው በ2016 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ በተከፈተው የስኬትቦርድ ሜዳ የሚለማመድ ልጃችን ነው። ሄልሜት የሌለው አይነዳም ብለን ጀመርን። የሩጫውን ትዕይንት ለመቅረጽ አንዷ ስልኳን መሬት ልትነካ በሚል ከፍታ ይዛ ቦርዱ ላይ ቁጭ አለች፣ ሌላው በቅርጫት ኳስ ሜዳው ሲሚንቶ ላይ ቀስ እያለ ገፋት፤ ምስሉ እንዴት ጸጥ ብሎ እንደሄደ! የግቢያችን ጥበቃም ዋናውን ተጠርጣሪ ሆነው ተጫውተውልናል፣ እናመሰግናለን።

ፊልሙ በወላጆች ቀን ታይቷል። ምስሉ ቆንጆ ነው፤ ድምፁን ግን ንፋስ በልቶታል። ለመስከረም ማይክሮፎን ማዋስ የሚችል ወላጅ ካለ ዓርብ ከሰዓት አይሲቲ ክፍል ያገኘናል።