ከእርከኑ ጀምሪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷ አልፎ አልፎ ቢያስቸግራትም ደሴ ሰኞ ገበያ ከመውጣት ያገዳት የለም።

የላክሽውን ፎቶ አየሁት። ግድግዳ የሚሞላ ታፔስትሪ፣ በክር የተሸመነ ሥዕል፤ ጫካው ከነወንዙ። ያምራል። እንዲህ ያለውን ለመሸመን ትልቅ መሸመኛ ልግዛ ወይ ላልሽኝ ግን መልሴ አትግዢ ነው። ለጀማሪ ከደብተር ብዙም ያልበለጠ የእንጨት ፍሬም ይበቃል። ከላይና ከታች በግማሽ ሳንቲሜትር ልዩነት ሚስማር ምቺበት፤ አንዱን ወጣ አንዱን ገባ አድርጊው፣ አለበለዚያ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ድሩ፣ ከላይ እስከ ታች የሚወጠረው ክር፣ ጠንከር ያለ የጥጥ ሲባጎ ይሁን። የሹራብ ክር ስለሚለጠጥ ለድር አይሆንም፣ በድሩ መካከል አግድም ለሚገባው ለማግ ነው የሚሆነው።

ዕድሜዬን የፈጀሁት ፋብሪካ ውስጥ ስለሆነ ልዩነቱን እኔ ላስረዳሽ። አንሶላ ሲሠራ ማጉ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ታፔስትሪ ላይ ግን እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ድንበር ላይ ደርሶ ይመለሳል። ማጉ በሹካ እየተጠቀጠቀ ድሩን ጨርሶ ስለሚሸፍነው ሥዕሉ የሚታየው በማጉ ብቻ ነው። ታዲያ ሁለት ቀለሞች ቀጥ ባለ የቁም መስመር ላይ ከተገናኙ መካከላቸው ክፍት ይቀራል። አጭር ከሆነ ተይው። ከረዘመ ወይ ክሮቹን እዚያው አቆላልፊያቸው፣ ወይ ሲያልቅ ከጀርባ ስፊው።

ጫካውን ትተሽ የሐረጎን ዳገት ያዢ የምልሽ ለዚህ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጪ በመኪናው መስኮት የምታይውን አስታውሺ፤ እርከን በእርከን ላይ ተደራርቦ ዳገቱን ይዞ ይወጣል። እርከኑም አግድም፣ ማጉም አግድም፤ እጅሽን አይታገልሽም። ባሕር ዛፍ ግን ግንዱ ሽቅብ የቆመ ስለሆነ በግራም በቀኝም ስንጥቅ ያበዛብሻል። የግድ ባሕር ዛፍ ካማረሽ ሥዕሉን በጎኑ አስተኝተሽ ሽመኚው፣ ሲያልቅ ታቆሚዋለሽ። የአውሮፓ ሸማኔዎችም የድሮዎቹን ትልልቅ ታፔስትሪዎች በብዛት የሠሩት በጎን አስተኝተው ነው። ለተዳፋት ደግሞ ዘዴው ቀላል ነው፦ ቀስ ብሎ ለሚወጣ ዳገት በየመስመሩ ከዳር ብዙ ድር እያስቀረሽ ተመለሺ፣ ለገደል ብዙ መስመር ሠርተሽ አንድ ድር ብቻ አስቀሪ።

ቀለሙ ላይ ጊዜ ውሰጂ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በዚያች አጭር መንገድ ታች ማሽላ፣ ላይ ገብስ ታያለሽ። ማሽላው ሲደርስ ዛላው ቀላ ይላል፣ አገዳው ግን ገና አረንጓዴነቱን አይለቅም። ያንን በአንድ ክር አታገኚውም። ቀጫጭን ክሮች ምረጪና ቀዩንና አረንጓዴውን አንድ ላይ አድርገሽ እንደ አንድ ማግ አስገቢያቸው። ከሩቅ ሲታይ ዓይን ራሱ ያዋህደዋል። ለአፈሩ የበግ ጸጉር፣ ቡኒውንና ጥቁሩን፣ ሳይነከር እንዳለ ተጠቀሚ። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ አፍልተሽ ሱፍ ብትነክሪበትም ወደ ቡኒ የሚያደላ ቢጫ ይወጣልሻል። እርድ አትሞክሪ፤ መጀመሪያ ያምርና ፀሐይ ሲያገኘው ይሸሻል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ማጉን ወጥረሽ አትሳቢ። እንደ ቅስት ጎበጥ አድርገሽ አስቀምጪውና ከዚያ በሹካው ምቺው። ከሳብሽው ዳርና ዳሩ ወደ ውስጥ እየገባ ሥራው ወገቡ ይጠባል። በየጊዜው ስፋቱን በማስመሪያ ለኪ።

አያትሽ በሕይወት ብትኖር «ሴት ትፈትላለች እንጂ መቼ ትሸምናለች?» ማለቷ አይቀርም ነበር። በእሷ ዘመን ፈተላ የሴት፣ ሽመና የወንድ ነበርና። ሸማኔን እየናቁ የሸመነውን ጋቢ ለብሰው የሚኮሩ ሰዎች ዘመንም ነበር። አንቺ በዚህ አትጨነቂ።

የክሩን ነገር ለእናትሽ ነግሬያታለሁ፤ ከሰኞ ገበያ የምትፈልጊውን ቀለም ጻፊላትና ሰው ሲገኝ እንልክልሻለን። ስትጀምሪ ፎቶ ላኪልኝ፣ የፊቱን ብቻ ሳይሆን የጀርባውንም። አያያዝሽ የት ላይ እንደላላ ከጀርባው አየዋለሁ።

አላህ ይጠብቅሽ።

አባትሽ
ከኮምቦልቻ