ጉዳዩ፦ ያላዘዝነው ቅርንጫፍ ስለመላኩ የቀረበ ቅሬታ

ለአበባና ቅጠል መደብሩ የደንበኞች አገልግሎት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ።

በገና ሰሞን በር ላይ የሚሰቀለውን የቅጠል ጉንጉን ከሰፈራችን ልጆች ጋር ለመሥራት ፈልጌ ከእናንተ አንድ ካርቶን እርጥብ ቅርንጫፍ አዝዤ ነበር። 95 ዶላር ከፍያለሁ። ያዘዝኩት ፍሬዘር ፈር የሚባለውን፣ ለገና ዛፍ የሚሆነውን ጥድ መሰል ዛፍ ነው፤ ትንሽ ቦክስውድ (ቅጠሉ ደቃቅ የሆነ ቁጥቋጦ) እና ሆሊ (ቀይ ፍሬ ያለው ተክል) ጨምሬበታለሁ። በስልክ ያነጋገረችኝ ልጅ፣ ፈሩ ከኖርዝ ካሮላይና ተራሮች በዚያው ሳምንት ተቆርጦ የመጣ መሆኑን አረጋግጣልኝ ነበር።

ካርቶኑን ስከፍተው ግን ያገኘሁት ስፕሩስ የሚባል ሌላ ጥድ መሰል ዛፍ ነው። ሁለቱን መለየት ከባድ አይደለም። የፍሬዘር ፈር ቅጠል ጠፍጣፋና ለስላሳ ነው፤ ገልበጥ ሲያደርጉት ሁለት ነጣ ያሉ መስመሮች ይታያሉ። የስፕሩስ ቅጠል አራት ጎን ስላለው በጣት መሃል ይንከባለላል፤ ጫፉም ይዋጋል። የላካችሁት የልጆቹን ጣት ሲወጋ ነው የዋለው።

ስደውል "ፈሩ ስላለቀ ተመሳሳዩን ላክንልሽ" ተባልኩ። ተመሳሳይ አይደለም! ፍሬዘር ፈር የሚመረጠው ቅጠሉን ቶሎ ስለማያራግፍ ነው፤ ውጭ ብርድ ላይ ከተሰቀለ ሳምንታት ይቆያል። ስፕሩስ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ይረግፋል፤ ሙቀት ያለበት ቤት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እኛ ጉንጉኑን ለዲሴምበር 25 ብቻ አይደለም የምንሰቅለው። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ እስከዚያ እንዲቆይልን ብለን ነው ፈሩን የመረጥነው።

እንዲያም ሆኖ ልጆቹን ባዶ እጃቸውን መመለስ አልቻልኩም። ግንዱን ጫፍ ጫፉን ቆርጬ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳደርኩት። በማግስቱ ስንዝር ስንዝር አድርገን ቆራረጥነው። አራት አምስቱን በአንድ እየያዝን፣ የኋለኛው እቅፍ የፊተኛውን እግር እየሸፈነ፣ ሽቦውን ሳንበጥስ ከብረት ቀለበቱ ጋር እያሰርን ዞርነው። ልጆቹ ግማሽ ቀን ሙሉ ለፉበት። በአራተኛው ቀን ግን ቅጠሉ ረግፎ የቀለበቱ ብረት መታየት ጀመረ። አንዱን ጉንጉን የሰጠናቸው ጎረቤታችን፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ይኸው በየማለዳው ደጃፋቸውን እየጠረጉ ነው። እሳቸውን ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ።

ቦክስውዱ ጥሩ ነበር፤ እስካሁን አልጠወለገም። ሆሊው ግን አስደንግጦኛል። ቀያይ ፍሬዎቹ ረግፈው ካርቶኑ ሥር ተበትነው ነበር። ልጅ ቢውጠው ያስመልሰዋል፣ ሆዱንም ያውከዋል። እኛ ጋ የሦስት ዓመት ልጆች ነበሩ። አንዲት የማስጠንቀቂያ ወረቀት እንኳ አልነበረችበትም። ደግነቱ ቀድሜ አየሁት።

የአገሬ ሰዎች ናችሁ ብዬ ነው ከእናንተ የገዛሁት፤ ቅር ያለኝም ለዚሁ ነው። አንድ ስልክ ብትደውሉልኝ ኖሮ "ፈር ከሌለ ይቅር" እላችሁ ነበር።

ስለዚህ የስፕሩሱን ዋጋ ከጃንዋሪ 7 በፊት እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ከአሁን በኋላም ደንበኛ ሳይጠየቅ ዕቃ አይለወጥ። የቅርንጫፉ ዓይነትና የተቆረጠበት ቀን ካርቶኑ ላይ ይጻፍ። ሆሊ ለብቻው ታሽጎ፣ ከልጆች እንዲርቅ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ማሳሰቢያ ይለጠፍበት።

ደረሰኙንና በመጀመሪያውና በአራተኛው ቀን የተነሱትን ፎቶዎች አያይዣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ