ባልዲውን ከመድፋትሽ በፊት

ልጄ፣

ትናንት ማታ ስልኩን ከዘጋን በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እናትሽ «ምን ሆነህ ነው የምትገላበጠው?» አለችኝ። «የልጄ ጣሪያ ያፈሳል» አልኳት። «ታዲያ አንተ ስትገላበጥ ይደርቃል?» አለችና ዞራ ተኛች። እውነቷን ነው። ተነሥቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። በስልክ የነገርኩሽን ግማሹን እየነዳሽ ነው የሰማሽው። ግማሹን ደግሞ እኔው ተናድጄ አበላሸሁት።

ያልሽኝ ነገር ነው ያላስተኛኝ። ጣሪያሽን በሠራው ኮንትራክተር ላይ ቅሬታ አቅርቢ ስልሽ፣ መጀመሪያ «አባዬ፣ ሰውዬው እኮ አበሻ ነው፤ ልጆች አሉት፤ እንጀራውን ልዝጋበት?» አልሽ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ «ሁለተኛ እግሩ ደጄን አይረግጥም!» አልሽ። የኔ ልጅ መሆንሽን ያወቅሁት ያኔ ነው። እኔም አንድ ቀን እያዘንኩ፣ በማግስቱ በር እየዘጋሁ ነበር የከረምኩት። ማዘኑ ጊዜዬን በላ። በር መዝጋቱ ግን ገንዘቤንም ሊበላው ነበር።

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ስቴት ውስጥ የሲልቨር ስፕሪንጉን ቤት ጣሪያ ስናስቀይር አንቺ ኮሌጅ ነበርሽ፤ ጉዳዩን በደንብ አታውቂውም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2016፣ ጥቅምት ላይ ነው። ሰውዬው ፈቃድ ያለው፣ አንደበቱ የጣፈጠ ፈረንጅ ነበር። ውሉ 11,400 ዶላር ነው። ሲሶውን፣ 3,800 ዶላር፣ ቀብድ ሰጠሁት። እዚህ ላይ አልተሳሳትኩም፤ በሜሪላንድ ሕግ ኮንትራክተር ከሲሶ በላይ ቀብድ መቀበል አይችልም። የተሳሳትኩት መጨረሻ ላይ ነው። ሠራተኞቹ በሁለት ቀን ጨርሰው ዕቃቸውን ሲጭኑ እናትሽ ቡና አፍልታ ነበር። ሰውዬውን አስገብተን ቡና ጠጣን፤ ሁለተኛው ሳይቀዳ ቀሪውን በሙሉ ቼክ ጻፍኩለት። ጣሪያው ላይ ወጥቶ ያየ የለም። እሱ ራሱ አልወጣም። ሰው ቤቴ ገብቶ ቡና እየጠጣ «ቆይ መጀመሪያ ልየው» ማለት አሳፈረኝ።

መጋቢት ላይ ሁለት ቀን ዘነበ። የሳሎኑ ኮርኒስ ላይ የሻይ ቀለም ያለው ክብ ወጣ።

እኔ የማውቀው የቆርቆሮ ቤት ነው። አያትሽ ቤት ክረምት ሲገባ ሳፋው የሚቀመጥበት ቦታ የታወቀ ነበር። ቀዳዳው ከሳፋው በላይ ነው፤ አናጺው ይወጣና ሚስማሩን ይመታል፣ ሬንጅ ይቀባል፣ አለቀ። የዚህ አገር ጣሪያ እንዲህ አይደለም። ከላይ ሺንግል የሚባል ተደራራቢ ንጣፍ አለ፣ ከሺንግሉ ሥር ወረቀት አለ፣ ከወረቀቱ ሥር ጣውላ አለ። ውሃው አንድ ቦታ ይገባና እንጨቱን ተከትሎ ይሄዳል። ሳሎን የተንጠባጠበብኝ ውሃ የገባው ሦስት ሜትር ያህል ርቆ፣ በጭስ ማውጫው ጥግ ነበር።

ጭስ ማውጫው ከጣሪያው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተጣጥፎ የሚገባ ቆርቆሮ አለ፤ ፍላሺንግ ይሉታል። እያንዳንዱ ቁራጭ ከሺንግሉ ጋር ተራ በተራ እየተነባበረ ወደ ላይ ይወጣል። ከላዩ ደግሞ ጡቡ ውስጥ የተሰካ ሌላ ቆርቆሮ ይሸፍነዋል። ሠራተኞቹ ይህን ሁሉ ዘለሉት። አሮጌውን ቆርቆሮ እንዳለ ትተው አዲሱን ሺንግል አስጠጉና ክፍተቱን እንደ ሙጫ ባለ ማሸጊያ ሞሉት። ማሸጊያ ሙቀት እያለ ያምራል። ብርዱ ሲመጣ ይሰነጠቃል።

ያንቺ ከመታጠቢያ ቤቱ በላይ ነው ስላልሽኝ፣ ጣሪያውን ሰንጥቆ የሚወጣውን ቱቦ ነው የምጠረጥረው። ዙሪያው ላይ የሚገባው ጎማ በደንብ ካልተቀመጠ ያፈሳል። ግን አልምልም። የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያ እንፋሎቱን ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ጣሪያው ሥር የሚተፋ ከሆነ፣ ዝናብ ሳይኖርም ሊንጠባጠብ ይችላል። ያ ከሆነ ሰውዬውን በከንቱ እየረገምነው ነው። ስለዚህ መዝግቢ፦ የዘነበበትን ቀን፣ የተንጠባጠበበትን ሰዓት፣ ሳይዘንብም ማንጠባጠቡን።

ወደ በሩ ነገር ልመለስ። እኔ ሰውዬው ጋ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስቱንም ጊዜ «እመጣለሁ» አለና ቀረ። አንድ ቅዳሜ ሳይነግረኝ መሰላሉን ጭኖ ብቅ አለ። በሩ ላይ ቆሜ «እጅህ ሁለተኛ ቤቴን አይነካም» ብዬ መለስኩት። ደስ ብሎኝ ገባሁ። ለእናትሽም እንደ ጀግና ተረኩላት።

በኋላ ጉዳዩን ለሜሪላንድ ሆም ኢምፕሩቭመንት ኮሚሽን ላቀርብ ስዘጋጅ ነው የነቃሁት። ይህ በስቴቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ሥር ያለ፣ ለኮንትራክተሮቹ ፈቃድ የሚሰጥና ቅሬታ የሚሰማ አካል ነው። ጋራንቲ ፈንድ የሚባል ገንዘብም አለው። ገንዘቡን የሚያዋጡት ፈቃድ ያላቸው ኮንትራክተሮች ራሳቸው ናቸው። ሥራው ተበላሽቶ ወይም ሳያልቅ ቀርቶ ባለቤቱ ከተጎዳ ፈንዱ ይከፍለዋል። ግን ሕጉ አንድ ነገር ይላል፦ ኮንትራክተሩ በቅን ልቦና ላስተካክል ሲል ባለቤቱ ያለ በቂ ምክንያት ከከለከለው፣ ጥያቄው ውድቅ ሊሆን ይችላል። ያቺ የቅዳሜዋ ጀግንነቴ ትዝ አለችኝ።

ምን አደረግሁ? ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ደብዳቤ ጻፍኩለት። አንድ ገጽ ብቻ ናት። ቤቱን፣ የውሉን ቀን፣ የሚያፈስበትን ቦታ ጻፍኩ። «በአሥራ አራት ቀን ውስጥ መጥተህ እንድታስተካክል እጠይቃለሁ፤ የምትመጣበትን ቀን በጽሑፍ አሳውቀኝ» አልኩ። ስድብ የለም፣ «አጭበርባሪ» የሚል ቃል የለም። አንዱን በኢሜይል፣ አንዱን ተቀባዩ በሚፈርምበት ፖስታ ላክሁ። መጣ። ሠራተኛው ወጣና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በማሸጊያው ላይ ሌላ ማሸጊያ! እኔ ከታች ሆኜ ፎቶ አነሣሁ። በሚቀጥለው ዝናብ እንደገና አፈሰሰ። ያ ሁለተኛ ማፍሰስ ነው ጉዳዬን ያጸናው። ዕድል ሰጥቼዋለሁ፣ ሞክሯል፣ አልሆነም።

ከዚያ ፈቃድ ያላቸው ሌሎች ሁለት ጣሪያ ሠሪዎችን አስጠራሁ። ምን እንደተበላሸና ለማስተካከል ስንት እንደሚያስወጣ በወረቀት ጻፉልኝ። አንዱ 4,200 ዶላር አለ። ውሉን፣ የቼኮቹን ቅጂ፣ ፎቶዎቹን፣ ደብዳቤዬንና እነዚህን ወረቀቶች አያይዤ ቅሬታውን አስገባሁ። ኮሚሽኑ ቅሬታውን ለሰውዬው ይልክና መልስ ይጠይቀዋል። ደብዳቤው በደረሰው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። ያ «እመጣለሁ» ብሎ የሚቀር ሰው ራሱ ደወለ። አሮጌው ፍላሺንግ ወጥቶ በአዲስ እንዲተካ፣ ለቆርቆሮው መሰኪያ ጡቡም እንዲቦረቦር፣ እስከ የትኛው ቀን እንደሚያልቅ ጽፎ ፈረመ። በዚህ ጊዜ እሱም ጣሪያው ላይ ወጣ። ኮርኒሱን በ650 ዶላር ራሴ አሳደስኩት። ተከራክሬ አስከፍለው ነበር፤ ደከመኝ። ጣሪያው ግን እስከ ዛሬ ጠብታ አላሳየኝም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰውዬው ሌባ አልነበረም። ሥራውን ለሌላ ቡድን ሰጥቶ ሳያየው ሂሳብ የሚቀበል ሰው ነበር። ያንቺውም እንደዚያ ይመስለኛል።

ነገሩ በስምምነት ባያልቅ ኖሮ የገንዘቡ ስሌት እንዲህ ነው። ለመጀመሪያው ሰው የከፈልሽውና ለማስተካከል የሚያስፈልገው ይደመራል፤ ከዚያ ላይ የመጀመሪያው ውል ዋጋ ይቀነሳል። እኔ 11,400ውን ሁሉ ስለከፈልኩ ማግኘት የምችለው 4,200 ነበር። 2,000 ዶላር ይዤበት ቢሆን ኖሮ ፈንዱ የሚከፍለኝ 2,200 ብቻ ነው፤ ሁለቱ ሺህ ግን መጀመሪያውኑ ኪሴ ውስጥ ነበረች። አንቺ የመጨረሻውን ክፍያ አልከፈልኩም ስትዪኝ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። ካንቺው አባት ትሻያለሽ። ፈንዱ በኔ ጊዜ ለአንድ ጥያቄ የሚከፍለው ቢበዛ 20,000 ዶላር ነበር፤ ከሐምሌ 2022 ወዲህ 30,000 ሆኗል። የሚከፍለው ግን ሥራውን ለማስተካከል የሚወጣውን ነው። የረጠበ ምንጣፍ፣ የጠበቃ ክፍያ፣ የልብ ቃጠሎ የለበትም። ለምንጣፉ የቤት ኢንሹራንስሽን ጠይቂ።

ቅሬታና የፈንድ ጥያቄ ሁለት የተለያዩ ቅጾች ናቸው። እኔ ቅሬታውን አስገብቼ ሁሉም ያለቀ መስሎኝ ነበር። ፈንዱን መጠየቅ ጉዳቱን ካወቅሽበት ጊዜ ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ነው። ጊዜ አለሽ፤ ግን አትተኚበት። ደግሞ ውሉን አውጥተሽ የፈቃድ ቁጥሩን ኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ፈልጊው። ፈቃዱ በማን ስም ነው? ካንቺ ጋር የተዋዋለው እሱ ነው? በሰው ላይሰንስ የሚሠሩ ሞልተዋል፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ላበላሸው ፈንዱ አይከፍልም። ውሉ ውስጥ አለመግባባት በግልግል ዳኝነት ይታያል የሚል አንቀጽ ካለም አንብበሽ ንገሪኝ፤ መንገዱን ይቀይረዋል።

አሁን ስለ እንጀራው። ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሰዎች «ሽማግሌ ይግባበት» ብለውሻል አሉ። ይግባ። እኔ ሽምግልና አልጠላም፤ እናትሽን ያገኘሁት በሽማግሌ ነው። ግን ሽማግሌ ጣሪያ ላይ አይወጣም። ታረቁ ካሉ፣ ምን እንደሚነሣ፣ በምን እንደሚተካ፣ እስከ መቼ እንደሚያልቅ ይጻፍና ሁለታችሁም ፈርሙ። «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ግን ጣሪያው ተስተካክሎ አንድ ደህና ዝናብ ሳይመታው እንዳትፈርሚ። ሽማግሌዎቹ ቢቆጡሽ ወደ እኔ ላኪያቸው።

አባቴ የሚነግረኝ ነገር ነበር። በጃንሆይ ዘመን የተበደለ ሰው መኪናቸው የሚያልፍበት መንገድ ዳር ቆሞ ወረቀቱን ይዞ «አቤት! አቤት!» ይል ነበር አሉ። ፀሐይ እየመታው። አንቺ ወንበርሽ ላይ ሆነሽ ቅጽ ልትሞዪ ነው፤ ይህም ነውር መስሎሻል። ፈቃድ ሲያወጣ ቅሬታ ቢቀርብበት መልስ እንደሚጠየቅ ሰውዬው ያውቃል። እንጀራው በተለይ የሚነካው እምቢ ብሎ ፈንዱ ከከፈለልሽ ነው፤ ያኔ ገንዘቡን ከነወለዱ እስኪመልስ ፈቃዱ ይታገዳል። ያ ደግሞ ከመድረሱ በፊት ስንት ዕድል አለው! የመጀመሪያውን ዕድል ደግሞ የምትሰጪው አንቺ ነሽ፤ በደብዳቤ። ዛሬ ማታ ጻፊውና ከመላክሽ በፊት ላኪልኝ፤ ቁጣ ካለበት አወጣዋለሁ። አንቺም የኔን ታውቂያለሽ፣ ይህችን ደብዳቤ እናትሽ ሁለት ቦታ አስሰርዛኛለች።

ቅዳሜ ጠዋት አንቺ ጋ፣ ፍሬድሪክ ከተማ እመጣለሁ። የእጅ ባትሪ እይዛለሁ። ጣሪያው ላይ ግን አልወጣም፤ እናትሽ አስምላኛለች። ከኮርኒሱ በላይ ገብተን ጣውላውን እናያለን፣ ፎቶ እናነሣለን። አርብ ይዘንባል ብለዋል። ባልዲውን ከመድፋትሽ በፊት ፎቶ አንሺው፣ ሰዓቱንም ጻፊ። እናትሽ ቆሎና ድርቆሽ ልካልሻለች፤ መንገድ ላይ እንዳልበላው ቆጥራዋለች።

አባትሽ