የእናትሽ ሰዓት እዚያ አይሠራም

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ባልሽና ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ታኅሣሥ ገብቶ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል እንጂ። የእናንተን ከተማ ሚኒያፖሊስን ካየሁ ወዲህ ግን ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ ማማረር አፍራለሁ።

ባለፈው እሑድ ለእናትሽ በስልክ «የምስር ሾርባው ሁልጊዜ እየሟሟ ገንፎ ይሆንብኛል፤ አንቺ እንዳልሽው አንድ ሰዓት ሙሉ ነው የቀቀልኩት» ስትያት ሰማሁ። እሷም «እጅሽ ነው» አለችሽ። እጅሽ አይደለም ልጄ። የፊዚክስ አስተማሪ ቤት አድገሽ ይህ እንዴት ጠፋሽ? ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ውሃ እዚህ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ድስቱን ከፍተሽ የፈለግሽውን ያህል ብታነጂበት ሙቀቱ አይጨምርም፣ ውሃው በከንቱ ይተናል እንጂ። የእናንተ ከተማ ከፍታ 250 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ውሃው 99 ዲግሪ ይደርሳል። እናትሽ ዕድሜዋን ሙሉ የቀቀለችው በዚህ ሰነፍ ውሃ ነው። ቅመሟን ያዢ፣ ሰዓቷን ተዪ።

«በዓይን ነው የሚለካው» እያለች ብትቆጣም፣ ትናንት አጠገቧ ቆሜ በብርጭቆ ለካሁባት። አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት ደቆ ይከተፍና በዘይት፣ በቀስታ፣ እስኪወረዛ ይቁላላ። እዚህ ላይ አትቸኩዪ፤ የሾርባው ጣዕም ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ። ሁለት ካሮትና ሁለት ድንች በትንንሹ ተቆርጠው ይግቡ። አንድ ብርጭቆ ክክ ምስር ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ ስድስት ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ተጨምሮበት ይፍላ። እዚያ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ቲማቲም ከወደድሽ ምስሩ ከለሰለሰ በኋላ ጨምሪው፤ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ እህሉ ቶሎ እሺ አይልም። ጨውና ቁንዶ በርበሬ መጨረሻ ላይ፣ ሎሚውን ከእሳት ካወረድሽ በኋላ። ለልጆቹ ቃሪያ አትጨምሪ፤ እናንተ በየሳህናችሁ ጨምሩ።

ልናዘዝልሽ፤ እኔ ራሴ ሾርባን የበሽተኛና የአራስ ምግብ አድርጌ ነበር የማየው። እንጀራ ያልቀረበበት ራት ራት አይመስለኝም ነበር። አምና በበረዶው ወራት እናንተ ቤት ስከርም ግን፣ አንቺ ከሥራ ስትገቢ ባልሽ ሲወጣ፣ ልጆቹም የየራሳቸውን ካርቶን ከፍተው ቆመው ሲበሉ አየሁ። አንድ ማታ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያገኘሁትን የበሬ አጥንት በቀዝቃዛ ውሃ ጥጄ፣ አረፋውን እየገፈፍኩ በትንሽ እሳት አራት ሰዓት ያህል አቆየሁት። መስኮቱ ሁሉ ላብ አወጣ። ታላቁ «ምንድን ነው የሚሸተው?» ብሎ ከክፍሉ ወጣ። ትንሹ ቅልጥሙን በማንኪያ እጀታ ሲቆፍር አሁንም ይታየኛል። አራታችሁም አንድ ገበታ ላይ ተቀምጣችሁ ነበር፤ እኔ ከመጣሁ የመጀመሪያው ነበር መሰለኝ። ለእናትሽ ስነግራት አላመነችኝም፤ አጥንት መቀቀሌን ማለቴ ነው።

አሁን የነቢያት ጾም ስለሆነ አጥንቱ እስከ ገና ይቆይ። የምስሩን እሑድ በትልቅ ድስት ሥሪ። ለነገ የምታስቀምጪውን በትንንሽ ዕቃ ከፋፍይው፤ በትልቁ ድስት እንዳለ ከተውሽው ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ይበላሻል። በረዶ ቤት የምታስገቢው ከሆነ ድንቹን ተዪው፤ ሲቀልጥ አሸዋ አሸዋ ይላል። ወፍራም ቢመጣብሽ በሙቅ ውሃ አቅጥኝው። የደረቀ እንጀራ ካለሽ ቆራርሰሽ ጣል አድርጊበት፤ ይህ የእኔ ፈጠራ ነው፣ እናትሽ አትስማማም።

በዚህ ሳምንት ወደ እናንተ ከሚመጣ ሰው ጋር አንድ ኪሎ የተፈተገ ገብስና ጦስኝ ልከናል። ገብሱን ማታ ዘፍዝፊው፣ ጦስኙን ልታወጪው ስትይ ብቻ ጣል አድርጊበት። እዚህ እስኪበስል አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጅቶብናል። አንቺ ጋ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ በሰዓት ይዘሽ ጻፊልኝ፤ ደብተር ላይ ቦታ ትቼለታለሁ።

አባትሽ